ከሙከራ ቀረጻ እስከ ሃርድ ድራይቭ ርክክብ፦ ለዲጂታል ሲኒማቶግራፈር የሥራ መመሪያ

ዲጂታል ካሜራ የቀረጻን ወጪ ቀነሰ እንጂ የሲኒማቶግራፈርን ኃላፊነት አልቀነሰም። በሴሉሎይድ ዘመን ጥሬ ፊልሙ ውድ ስለነበር ካሜራው ከመነሳቱ በፊት ብርሃኑ ይለካ፣ የፎከስ ርቀቱም በሜትር ይያዝ ነበር። ዛሬ ካርዱ ተሰርዞ እንደገና ስለሚሠራ ብዙ ሰው ሞኒተሩን አይቶ "ጥሩ ነው" ይልና ቁልፉን ይጫናል። ሞኒተር ግን ፀሐይ ላይ የጨለመ፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ ደግሞ የደመቀ ምስል ያሳያል። ሞኒተር ያላሳየው ስህተት የሚገኘው ኤዲቲንግ ላይ ነው፤ ያኔ ተዋናዩም ብርሃኑም የሉም። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በአንድ ልማድ ላይ ይቆማል፦ መጀመሪያ ለኩ፣ ከዚያ ቅረጹ።

መመሪያው የተዘጋጀው ለትንሽ ቡድን ነው፤ ማለትም ሲኒማቶግራፈር፣ አንድ የካሜራ ረዳት እና አንድ የመብራት ባለሙያ። ምሳሌዎቹ የኢትዮጵያን ብርሃንና የኤሌክትሪክ መስመር የተከተሉ ናቸው።

1. ስክሪፕቱንና ቦታውን ማንበብ

ስክሪፕቱን በእርሳስ አንብቡ። በእያንዳንዱ ትዕይንት ጎን ቀን ወይም ሌሊት፣ ውስጥ ወይም ውጭ፣ ስንት ሰው እንዳለና ማን እንደሚንቀሳቀስ ጻፉ። ከዳይሬክተሩ ጋር ተቀምጣችሁ የሾት ዝርዝር የምታወጡት ከዚህ በኋላ ነው። ዝርዝሩን ሳትይዙ ሎኬሽን መጎብኘት ትርፉ ድካም ነው፤ የትኛው ግድግዳ ፍሬም ውስጥ እንደሚገባ አታውቁምና።

ሎኬሽን የምታዩት ቀረጻው በሚካሄድበት ሰዓት ነው። ኮምፓስ ይዛችሁ የመስኮቶቹን አቅጣጫ መዝግቡ። ከአውሮፓና ከአሜሪካ የመጡ መጻሕፍት "የሰሜን መስኮት ቀኑን ሙሉ ያልተለወጠ ለስላሳ ብርሃን ይሰጣል" ይላሉ፤ አዲስ አበባ ላይ ይህ ለግማሽ ዓመት ያህል ብቻ ነው የሚሠራው። ከተማዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማብቂያ የቀትር ፀሐይ የምታልፈው በሰሜን በኩል ነው። በሁለቱ የመለዋወጫ ወቅቶች ደግሞ ፀሐይዋ አናት ላይ ትቆምና የሰው ጥላ ከእግሩ ሥር ይገባል። የዓይን ጉድጓድ የሚጨልመው ያን ጊዜ ነው። ፀሐይዋ ከፍታዋ ላይ የምትደርሰው ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ሲሆን፣ ከ5 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ የውጭ ክሎዝአፕ ባታስቡ ይመረጣል።

ሌላው የኬክሮሳችን ጠባይ የጠዋትና የማታ ለስላሳ ብርሃን አጭር መሆኑ ነው። ፀሐይ ቀጥ ብላ ስለምትወጣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ወደ 15 ዲግሪ ገደማ ከፍ ትላለች። በለንደን ከአንድ ሰዓት በላይ የሚሰጥ ወርቃማ ብርሃን እዚህ አርባ ደቂቃ ቢሰጥ ነው። ስለዚህ በዚያ ብርሃን ከአንድ ትዕይንት በላይ አታቅዱ፤ ልምምዱም በጨለማ ይለቅ።

በዚያው ጉብኝት ሶኬቶቹን ቁጠሩ፣ ቆጣሪው ጋ ሄዳችሁ የብሬከሩን አምፒር አንብቡ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ መሆኑን ለድምፅ ባለሙያው ንገሩ፤ ጀነሬተር የሚቀመጥበትንም ቦታ ፈልጉ። ከውጭ አገር ቡድን ጋር የምትሠሩ ከሆነ የጥሪ ወረቀቱ ላይ ሰዓቱ በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ። "1 ሰዓት" ተብሎ የተጻፈ ጥሪ አንዱን ጠዋት፣ ሌላውን ከምሳ በኋላ ያመጣል።

2. ቅንብሩን በጽሑፍ መስማማት

ካሜራው ከመከራየቱ በፊት ከፕሮዲውሰሩና ከኤዲተሩ ጋር በአንድ ገጽ ላይ የሚጻፉ ነገሮች አሉ፦ በሴኮንድ ስንት ፍሬም፣ ሬዞሉሽን፣ የፍሬም ምጥጥን (የምስሉ ስፋት ለቁመቱ)፣ ኮዴክ (ምስሉ ተጨምቆ የሚቀመጥበት ዘዴ)፣ የሎግ ዓይነት (ሎግ ሰፊ የብርሃን ልዩነት እንዲይዝ ደብዘዝ ብሎ የሚቀረጽ ምስል ነው) እና የመጨረሻው ማሳያ የት እንደሆነ።

ለቴሌቪዥንና ለኢንተርኔት 25 ፍሬም ምረጡ፤ ከ50 ኸርዝ መብራታችን ጋር ይስማማል። ለሲኒማ ቤት ከሆነ 24 የተለመደ ነው። የሲኒማ ማሳያ ፋይል 25ንም ይቀበላል፤ የምታሳዩበት ሲኒማ ቤት ማሽን መቀበሉን ግን አስቀድማችሁ ጠይቁ። የፍሬም ምጥጥኑ 1.85 ከሆነ የ2ኬ የሲኒማ ፋይል 1998 በ1080፣ 2.39 ከሆነ 2048 በ858 ፒክስል ነው። ይህን መጀመሪያ ካልወሰናችሁ የተዋናይ ግንባር በመጨረሻ ይቆረጣል። ስልክ ወይም ድሮን በ30 ፍሬም ቀርጾ ከ25 ጋር መቀላቀል ደግሞ በካሜራ እንቅስቃሴ ላይ የሚንቀጠቀጥ ምስል ይፈጥራል፤ ሁሉም መሣሪያ አንድ ፍሬም ሬት ላይ ይሁን።

የፋይሉን ክብደት አስሉ። በሴኮንድ 250 ሜጋቢት የሚጽፍ የሶኒ ኤክስኤቪሲ ኢንትራ ፋይል በ4ኬና በ25 ፍሬም በሰዓት 112 ጊጋባይት ተኩል ገደማ ይይዛል። ፕሮሬስ 422 ኤችኪው በተመሳሳይ መጠን ሲቀረጽ በሰዓት 332 ጊጋባይት ነው። በቀን ሁለት ሰዓት ምስል ለ10 ቀን ብትቀርጹ የመጀመሪያው 2.25 ቴራባይት፣ ሁለተኛው ከ6.6 ቴራባይት በላይ ይወስዳል፤ ይህም የአንድ ቅጂ ብቻ ነው። ሦስት ቅጂ የሚይዝ ድራይቭ ለመግዛት በጀት ከሌለ ቀለል ያለውን ኮዴክ ምረጡ። በከባድ ኮዴክ ቀርጾ አንድ ቅጂ ብቻ ከመያዝ፣ በቀላሉ ቀርጾ ሦስት ቅጂ መያዝ ይሻላል።

3. የሙከራ ቀረጻ

ኪራይ ቤት ወስዳችሁ ካሜራውን ስትረከቡ ቢያንስ ግማሽ ቀን ለሙከራ ያዙ። እያንዳንዱን ሌንስ ግጠሙና በሰፊው አፐርቸር (የሌንሱ የብርሃን መግቢያ ቀዳዳ) ሁለት ሜትር ላይ ወዳለ የተጻፈ ወረቀት ፎከስ አድርጉ። በሌንሱ ቀለበት ላይ ያለው ቁጥር ከሜትሩ ጋር ካልተገጣጠመ ወይ አዳፕተሩ ልል ነው፣ ወይ ሌንሱ መስተካከል ይፈልጋል። ቀጥሎ ነጭ ግድግዳ ፎከሱን አጥፍታችሁ በኤፍ/22፣ ማለትም ቀዳዳውን በጣም አጥብባችሁ ቅረጹ፤ ሴንሰር ላይ ያለ አቧራ እንደ ጥቁር ነጥብ ይታያል። አቧራውን በእጅ አየር መንፊያ ብቻ አንሱት። በአፍ እፍ ማለት ምራቅ ያሳርፍበታል፣ በቆርቆሮ የታሸገው የአየር ስፕሬይም ፈሳሽ ሊተፋበት ይችላል።

እያንዳንዱን ካርድ በካሜራው ፎርማት አድርጉና እስኪሞላ ያለማቋረጥ ቅረጹበት። አስመስሎ የተሠራ ካርድ የሚጋለጠው በዚህ ነው፤ የተጻፈበትን ፍጥነት ለመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ብቻ ይሰጥና ከዚያ ቀረጻውን ያቋርጣል። ባትሪዎቹንም በሰዓት ፈትኑ። 98 ዋት-ሰዓት ያለው ቪ-ማውንት ባትሪ 25 ዋት የሚወስድ ካሜራን ለአራት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጊዜ መያዝ አለበት፤ ሁለት ሰዓት ላይ ከሞተ አርጅቷል። ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን ይዛችሁ የምትመጡ ከሆነ ከ100 ዋት-ሰዓት በታች ያሉት በእጅ ሻንጣ ይገባሉ፣ ከ100 እስከ 160 ያሉት የአየር መንገዱን ፈቃድ ይፈልጋሉ፤ ትርፍ ሊቲየም ባትሪ በሚጫን ሻንጣ አይሄድም።

4. የመብራት መርገብገብ

የኢትዮጵያ መስመር 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። በዚህ መስመር የሚሠራ መብራት በሴኮንድ 100 ጊዜ ይነሳል ይወድቃል፤ ዓይን አያየውም፣ ካሜራ ግን ያየዋል። ሻተሩ (እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ) በ1/50 ወይም በ1/100 ሴኮንድ ሲሆን እያንዳንዱ ፍሬም እኩል የብርሃን መጠን ስለሚያገኝ ምስሉ ይረጋል። ሻተር በዲግሪም ይጻፋል፤ 360 ዲግሪ የአንድ ፍሬም ሙሉ ጊዜ ነው። በ25 ፍሬም 180 ዲግሪ በትክክል 1/50 ነው። በ24 ፍሬም ግን 180 ዲግሪ 1/48 ስለሚሆን ሻተሩን 172.8 ዲግሪ ላይ አድርጉት። በእስራኤልና በኤምሬትስ መስመሩ 50 ኸርዝ ነው፤ በአሜሪካና በሳዑዲ ዓረቢያ 60 ስለሆነ በ24 ፍሬም 144 ዲግሪ፣ ማለትም 1/60 ትጠቀማላችሁ።

ስሎሞሽን ላይ ችግሩ ይብሳል። በቤት አምፖል ሥር በ120 ፍሬም ብትቀርጹ ምስሉ ይንቀጠቀጣል። 100 ፍሬም በ360 ዲግሪ ሻተር የሚሻል መውጫ ነው፤ እንቅስቃሴው ትንሽ ይደበዝዛል እንጂ ብርሃኑ ይረጋል። ካልሆነ በፀሐይ ብርሃን ወይም ለቀረጻ በተሠራ ኤልኢዲ ቅረጹ።

ሻተሩ ትክክል ሆኖ ምስሉ ላይ አግድም ጥላ ከተንሸራተተ ሁለት ተጠርጣሪ አለ። አንዱ ርካሽ ኤልኢዲ ነው፤ ብርሃኑ ሲቀነስ በፍጥነት እየበራ እየጠፋ ነው የሚደበዝዘው። ሙሉ ለሙሉ ከፍታችሁት በጨርቅ ቀንሱት። ሌላው ጀነሬተር ነው፤ ኢንቨርተር የሌለው ጀነሬተር ጭነት ሲጨመርበትና ሲቀነስበት ከ50 ኸርዝ ይንሸራተታል። ያኔ የካሜራውን የሻተር ማስተካከያ በጥቂት በጥቂቱ እያንቀሳቀሳችሁ ጥላው የሚቆምበትን ቁጥር ፈልጉ።

5. ኤክስፖዠር፦ ነጠላና ፊት

በአገራችን ቀረጻ ከባዱን ፈተና የሚያመጣው ነጭ ልብስ የለበሰ ጥቁር ቆዳ ያለው ሰው ቀትር ላይ ሲቆም ነው። ብዙ ካሜራማን ነጠላው እንዳይነጣ ፈርቶ አፐርቸሩን ይዘጋል፤ ፊቱም ይጨልማል፣ በኋላ ሲነሳ ጥራጥሬ የመሰለ ነጠብጣብ ይወጣዋል። መፍትሔው በቁጥር ነው የሚገኘው።

መጀመሪያ የብርሃኑን መጠን ገምቱ። ጥርት ባለ ፀሐይ በኤፍ/16 ትክክለኛው ሻተር አንድ ለአይኤስኦው (ካሜራው ለብርሃን ያለው ትብነት) ሲካፈል የሚገኘው ነው። መሠረታዊ አይኤስኦው 800 በሆነ ካሜራ ይህ 1/800 ይሆናል። እናንተ ግን 1/50 ትፈልጋላችሁ፤ ይህ 4 ስቶፕ ትርፍ ብርሃን ነው፤ አንድ ስቶፕ የብርሃን እጥፍ ማለት ነው። አፐርቸሩን ከኤፍ/16 ወደ ኤፍ/4 ስትከፍቱ ሌላ 4 ይጨመራል። ስለዚህ 8 ስቶፕ የሚያስቀር ኤንዲ ፊልተር ያስፈልጋል። 0.3 ማለት አንድ ስቶፕ ስለሆነ 8 ስቶፕ ኤንዲ 2.4 ነው። የውስጥ ኤንዲ የሌለው ካሜራ ከያዛችሁ ይህን ፊልተር ሳትይዙ ቀትር ላይ አትውጡ። አይኤስኦውን ከመሠረታዊው በታች መጎተት ማምለጫ አይደለም፤ በሎግ ሲቀረጽ የደማቁን ክፍል ቦታ ይበላል።

የፊልተሩ ዓይነትም ይቆጠራል። ከስድስት ስቶፕ በላይ የሆነ ተራ ኤንዲ የማይታየውን ኢንፍራሬድ ስለሚያሳልፍ ጥቁር ካባና ጥቁር ሱፍ ቡናማ ሆነው ይቀረጻሉ፤ ኢንፍራሬድ የሚከለክለውን ዓይነት ተከራዩ። የሚሽከረከረው ተለዋዋጭ ኤንዲ ደግሞ ሁለት ፖላራይዘር ነው። በሰፊ ሌንስ ላይ ሲጠነክር በምስሉ መካከል የመስቀል ጥላ ያወጣል፤ ከዚያ በላይ የሚያሳስበው ግን የቆዳን ነጸብራቅ መንጠቁ ነው። ጥቁር ቆዳ ቅርጹን የሚያሳየው ብርሃን ሲያንጸባርቅ ነውና ነጸብራቁ ሲነጠቅ ፊቱ ጠፍጣፋ ይሆናል።

አሁን ወደ ልኩ። 18 በመቶ የሚያንጸባርቅ ግራጫ ካርድ ተዋናዩ በሚቆምበት ቦታ፣ በዚያው ብርሃን ያዙ። በኤስ-ሎግ3 (የሶኒ ሎግ) ይህ ካርድ ዌቭፎርም (የምስሉን ድምቀት በመቶኛ የሚያሳይ ግራፍ) ላይ 41 በመቶ፣ 90 በመቶ የሚያንጸባርቅ ነጭ 61 በመቶ ላይ ይቀመጣል። ንጹሕ ነጠላ የሚገኘው ከዚህኛው አጠገብ ነው። በጣም ጥቁር ቆዳ ከካርዱ አንድ ወይም አንድ ተኩል ስቶፕ ዝቅ ሊል ስለሚችል ከ28 እስከ 32 በመቶ አካባቢ ታገኙታላችሁ። ሴንሰሩ የሚሞላው 94 በመቶ ገደማ ላይ ነው። እንግዲህ ከነጠላው በላይ ሰፊ ባዶ ቦታ አለ ማለት ነው፤ ፊቱ ግን ለጥራጥሬው ቀርቧል። ስለዚህ አንድ ስቶፕ ክፈቱ። ካርዱ ወደ 49፣ ነጠላው ወደ 70 ይወጣል፤ ማንም አልተጎዳም፣ ፊቱ ግን ዳነ። ካሜራው የኤክስፖዠር ኢንዴክስ ምርጫ (መሠረታዊውን አይኤስኦ ሳይነካ የሞኒተሩን ድምቀት ብቻ የሚቀይር) ካለው 800ውን 400 ብላችሁ ማስቀመጥ ይህንኑ ያደርጋል፤ ሞኒተሩም የተስተካከለ ምስል ያሳያችኋል። ኤዲተሩ እንዲያወርደው በሪፖርቱ ላይ ጻፉለት።

ዌቭፎርሙ የሚያነበው ሎጉን ይሁን ወይም በሞኒተር ላይ የተጫነውን ሉት (የሎጉን ምስል ወደ ተለመደ ቀለም የሚቀይር ቅንብር) አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ሉት ከተጫነ በኋላ የሚነበብ ቁጥር ከላይ ካሉት ጋር አይገጥምም፤ በዚህ ምክንያት ሙሉ ቀን የጨለመ ምስል ይዞ መመለስ የተለመደ ጥፋት ነው።

ነጠላው ራስ ላይ ተከናንቦ ፊት ላይ ጥላ ሲጥል ልዩነቱ በሦስት ስቶፕ ይሰፋል። ይህን ካሜራ ብቻውን አይፈታውም። ሁለት በሁለት ሜትር የሆነ አቡጀዲ በክፈፍ ወጥራችሁ ከተዋናዩ አናት በላይ ያዙ፤ ጥላው ይለሰልሳል። ከዚያ ነጭ ሰሌዳ ወይም የስታይሮፎም ቁራጭ ከደረት በታች ሳይሆን ከጎን፣ ከዓይን ትይዩ አቁሙ። ከታች የሚመጣ ብርሃን አገጭን አብርቶ ግንባርን ያጨልማልና ያስጠላል። የብር ቀለም ያለው ሪፍሌክተር በቅርብ ሲያዝ ተዋናዩን ዓይኑን ያስጨፍነዋል፤ ለሩቅ ሾት ብቻ አውጡት። አቡጀዲ ያልነጣ ጨርቅ ስለሆነ ብርሃኑን ትንሽ ያሞቀዋል፤ ለቡናማ ቆዳ ይህ ደስ የሚል ነው። ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ የፕላስቲክ ሸራ ሥር ግን አትቅረጹ። የሸራው ቀለም ቆዳ ላይ ይወርዳል፤ ፊቱን ስታስተካክሉት ነጠላው ይበላሻል።

ለፊት የሚሆን ሜካፕ ላይም አስተያየት ስጡ። ጥቅጥቅ ያለ ፓውደር ጥቁር ቆዳን አመድ ያስመስላል። ላቡ በወረቀት ይጠረግ፣ ቆዳው በስሱ ቅባት ይቀባ፣ ትልቅና ለስላሳ ብርሃን ከጎን በኩል ይግባ፤ ጉንጭና ግንባር ላይ የሚቀመጠው ረጅም ነጸብራቅ ፊቱን ይቀርጸዋል።

6. የቤት ውስጥ ብርሃን

መብራት ከመሰካታችሁ በፊት ሒሳቡን ሥሩ። 10 አምፒር ብሬከር በ220 ቮልት 2,200 ዋት ይሸከማል፤ ከዚህ 80 በመቶውን፣ ማለትም 1,760 ዋት ብቻ ጫኑ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሦስት ኪሎ ዋት በላይ ሊወስድ ስለሚችል በቀረጻው ሰዓት እንጀራ እንዳይጋገር ከቤቱ እመቤት ጋር አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል። የኤክስቴንሽን ገመድ ከጥቅልሉ ሙሉ በሙሉ ይፈታ፤ ተጠቅልሎ ብዙ ዋት ሲያልፍበት ይግላል፣ ፕላስቲኩም ይቀልጣል።

ዋናው መብራት ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር 2 ስቶፕ ይቀንሳል። ይህን አውቃችሁ ተጠቀሙበት። ቡና የምታፈላ ሴትና አጠገቧ የተቀመጡ እንግዶች እኩል እንዲበሩ ከፈለጋችሁ መብራቱን አርቁት። እሷ ብቻ እንድትለይ ከፈለጋችሁ አቅርቡት፤ እንግዶቹ በራሳቸው ይደበዝዛሉ። የዕጣኑ ጭስ የሚታየው ብርሃኑ ከኋላ ሲመጣና ከጀርባው ያለው ግድግዳ ሲጨልም ነው። ከፊት የመጣ መብራት ጭሱን ያጠፋዋል።

ዋናውን መብራት ካቆማችሁ በኋላ የጥላውን ጎን ለኩ። የአንድ ስቶፕ ልዩነት ለአስቂኝ ፊልምና ለማስታወቂያ፣ ሁለት ስቶፕ ለተራ ድራማ፣ ሦስት ስቶፕ ለሌሊትና ለውጥረት ይስማማል። ቁጥሩን መዝግቡ። በማግስቱ ያንኑ ትዕይንት ለመቀጠል ስትመለሱ ያለዚህ ማስታወሻ ብርሃኑ አይገጥምም።

የቀን ብርሃን 5,600 ኬልቪን፣ የድሮው አምፖል ወደ 3,000 ዝቅ ያለ ነው። ሁለቱ አንድ ክፍል ውስጥ ሲገናኙ አንዱን ጎን ምረጡ፦ ወይ አምፖሉን አጥፉት፣ ወይ ለውበት ትታችሁት ዋይት ባላንሱን በመካከል 4,300 አካባቢ አስቀምጡ። ራሱ የሚያስተካክል ዋይት ባላንስ ዝግ ይሁን፤ ሾት መካከል ላይ ቀለም ይለውጣል። ርካሽ ኤልኢዲ ብዙ ጊዜ አረንጓዴ ያዘነብላል፤ ፊት ላይ ሕመም ያስመስላል። ቀጭን ማጀንታ ጄል ከፊቱ ሰቅላችሁ አርሙት።

ለቤተ ክርስቲያን ቀረጻ የጧፍ ብርሃን 1,900 ኬልቪን አካባቢ ነው። ካሜራውን በ3,200 አስቀምጡት፤ ሙቀቱ ይቆይ። ሁለተኛ መሠረታዊ አይኤስኦ ያላቸው ካሜራዎች ጥቅም የሚገባው እዚህ ነው፤ ለምሳሌ ሶኒ ኤፍኤክስ3 በኤስ-ሎግ3 ከ800 ሌላ 12,800 አለው፣ ብላክማጂክ ፖኬት 6ኬ ደግሞ 400 እና 3,200። በመካከል ያለ ቁጥር ከመምረጥ ወደ ሁለተኛው መሠረት መዝለል ያነሰ ጥራጥሬ ይሰጣል። መብራት ከማቆማችሁ በፊት ግን የደብሩን አስተዳዳሪ ፈቃድና ካሜራ የማይገባበትን ወሰን ጠይቁ። ቅዳሴ ለካሜራ አይደገምም፣ መደገምም የለበትም፤ ሁለተኛ ካሜራ መያዝ እንጂ ካህናትን ማስቆም አይታሰብም።

7. በቀረጻው ቦታ

ቅደም ተከተሉ አይዛባ፦ ልምምድ፣ የተዋናዮች ቦታ ምልክት፣ ብርሃን፣ ዳግም ልምምድ ከካሜራ ጋር፣ ቀረጻ። ልምምድ ሳይታይ ብርሃን ማቆም ሁለት ጊዜ መሥራት ነው።

ፎከስ ላይ ቁጥሩን እወቁ። በፉል ፍሬም ካሜራ፣ በ85 ሚሊሜትር ሌንስ፣ በኤፍ/2፣ ሁለት ሜትር ላይ ያለ ፊት ጥርት ብሎ የሚታየው ከ6 እስከ 7 ሳንቲሜትር ጥልቀት ብቻ ነው። ተዋናዩ ወደ ፊት ዘንበል ካለ ዓይኑ ይደበዝዛል። በኤፍ/4 ጥልቀቱ ወደ 13 ሳንቲሜትር ይሰፋል። የፎከስ ረዳት ከሌላችሁ ኤፍ/4ን መነሻ አድርጉ፤ የጀርባውን ድብዛዜ ሰውየውን ከግድግዳ በማራቅ ታገኙታላችሁ።

ካሜራው ትራይፖድ ላይ ሲሆን የሴንሰር ማረጋጊያውን አጥፉት፤ ሳይነካ ይንሳፈፋል። በእያንዳንዱ ሾት መጀመሪያ ክላፐር ይመታ፤ ትዕይንት፣ ሾትና ሙከራ ቁጥር በድምፅም ይነገር። የካሜራዎቹና የድምፅ መቅረጫው ሰዓት ጠዋት ላይ አንድ ይደረግ። "ቁረጥ" ከተባለ በኋላ አምስት ሴኮንድ ቆዩ፤ ኤዲተር የሚጸልይባት ትርፍ ያቺ ናት።

8. የመረጃ ጥበቃ

የተቀረጸ ካርድ ከካሜራ ሲወጣ በቀይ ፕላስተር ታሽጎ ለአንድ ሰው ብቻ ይሰጣል። ያ ሰው ካልሆነ በቀር ማንም ካርድ ፎርማት አያደርግም። በትንሽ ቡድን ውስጥ ፋይል የሚጠፋው ካርድ ሲበላሽ ሳይሆን ሁለት ሰዎች "አንተ ገልብጠኸው መስሎኝ" ሲባባሉ ነው።

የካርዱን ሙሉ ይዘት ገልብጡ እንጂ የቪዲዮ ፋይሎቹን መርጣችሁ አታውጡ፤ በአጠገባቸው ያሉት ትንንሽ ፋይሎች ኤዲቲንግ ሶፍትዌሩ ምስሉን አውቆ እንዲያነብ የሚረዱ ናቸው። የፎልደር ስም በላቲን ፊደል፣ ያለ ክፍተት፣ በፈረንጆች ዓመት፣ ወር፣ ቀን ቅደም ተከተል ይጻፍ፤ ካሜራው በፋይሉ ውስጥ የሚመዘግበው በዚያ አቆጣጠር ስለሆነ ፍለጋው ይቀላል። የኢትዮጵያውን ቀን በወረቀቱ ሪፖርት ላይ አስፍሩ።

በማውስ ጎትቶ መጣል ቅጂ አይባልም፤ ኮምፒውተሩ ፋይሉ በትክክል መጻፉን አያመሳክርም። ቼክሰም የሚያደርግ፣ ማለትም ቅጂው ከዋናው ጋር አንድ መሆኑን በቁጥር የሚያመሳክር ሶፍትዌር ተጠቀሙ። የኤዲቲንግ ሶፍትዌሩ ዳቪንቺ ሪዞልቭ በነጻው ቅጂው ውስጥ ክሎን የሚያደርግ መሣሪያ አለው፤ ለትንሽ ቡድን ይበቃል። ጊዜውን ደግሞ አስቡ፦ በሴኮንድ 120 ሜጋባይት በሚጽፍ ተራ ሃርድ ዲስክ 225 ጊጋባይት ለመገልበጥ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጃል፣ ማመሳከሩም ተመሳሳይ ጊዜ ይጨምራል። ካርዶቻችሁ ሁለት ብቻ ከሆኑ ቀረጻው ይቆማል፤ ወይ ሦስተኛ ካርድ፣ ወይ ፈጣን ኤስኤስዲ ያዙ።

ቅጂው ሦስት ይሁን፣ በሁለት ዓይነት ዲስክ፣ አንዱም ከቀረጻው ቦታ ውጭ በሌላ ሰው ቤት ይደር። ሦስቱም ድራይቭ በአንድ መኪና ከተጓዘ አንድ ቅጂ እንዳላችሁ ቁጠሩት። መገልበጥ በባትሪ በሚሠራ ላፕቶፕ፣ ኃይሉን ከላፕቶፑ በሚያገኝ ድራይቭ ይሁን። ከግድግዳ ሶኬት የሚሠራ ዲስክ እየጻፈ ሳለ መብራት ከሄደ የፋይሉ ማውጫ ይበላሽና ድራይቩ ባዶ መስሎ ይከፈታል። እንዲህ ከሆነ ምንም ነገር አትጻፉበት፣ ፎርማት አድርግ ብሎ ሲጠይቅም እሺ አትበሉ፤ ፋይሉ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ስላለ በማገገሚያ ሶፍትዌር ይወጣል።

9. ሥራ፣ ውልና ርክክብ

ወደ ሙያው የሚወስደው መንገድ ከካሜራ ረዳትነት ወይም ከመብራት ሥራ ይጀምራል። መብራት ሲሸከም የቆየ ሰው ብርሃንን ከመጽሐፍ ካነበበው ይልቅ ያውቃታል። መደበኛ ትምህርት ለሚፈልግ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በፊልም የማስተርስ ትምህርት ይሰጣል። የቻዱን ዳይሬክተር የማሃማት-ሳሌህ ሃሩንን ፊልሞች የቀረጸው ሲኒማቶግራፈር አብርሃም ኃይሌ ብሩም አዲስ አበባ ውስጥ ብሉ ናይል የፊልምና ቴሌቪዥን አካዳሚን አቋቁሟል። የሥራ ናሙናችሁ ከሁለት ደቂቃ አይለፍ፤ ራሳችሁ የቀረጻችሁት ብቻ ይግባበት፣ ሁለተኛ ካሜራ ከነበራችሁም ይጻፍ።

ውሉ ላይ የቀን ክፍያና የመሣሪያ ኪራይ ለየብቻ ይቀመጡ። አንድ ላይ ከተዋዋላችሁ ሌንስ ሲሰበር ከላባችሁ ይከፈላል። የሥራው ቀን ስንት ሰዓት እንደሆነ፣ ከዚያ በላይ ሲሄድ የሚታሰበው፣ ድራይቭ የሚገዛው ማን እንደሆነ፣ ጥሬ ምስሉን ማን ለምን ያህል ጊዜ እንደሚይዝ፣ በቀለም ማስተካከል ላይ መገኘታችሁና ስማችሁ የሚጻፍበት ሁኔታ ይስፈር። ቅድሚያ ክፍያውን ካሜራው ከመከራየቱ በፊት ተቀበሉ።

ለኤዲተሩ የምታስረክቡት ድራይቭ ጥሬ ፋይሎቹን፣ የድምፅ ፎልደሩን፣ በሞኒተር ላይ የተጠቀማችሁበትን ሉት፣ የግራጫ ካርዱን ሾትና የካሜራ ሪፖርቱን ይያዝ። ሪፖርቱ የሎጉን ዓይነት፣ የፍሬም ሬቱን፣ ስንት ስቶፕ ከፍታችሁ እንደቀረጻችሁና ዳይሬክተሩ የመረጣቸውን ሙከራዎች ይዘርዝር። አብራችሁት ተቀምጣችሁ ከእያንዳንዱ ካርድ ፎልደር የመጀመሪያውን፣ የመካከሉንና የመጨረሻውን ፋይል ክፈቱ፤ ድምፁም ምስሉም መኖሩን እዩ፣ የፋይሎቹን ብዛት ከሪፖርቱ ጋር አመሳክሩ፣ ርክክቡን ሁለታችሁም ፈርሙ። የመጨረሻዎቹ ካርዶች ከቀይ ፕላስተራቸው የሚወጡት ከዚህ ፊርማ በኋላ ነው።